ለቦሩ ዋስ የነበሩት አባ ተክለማርያም ጓንጉል

አባ ተክለማርያም ጓንጉል ትናንት፣ ኅዳር 14 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ጥዋት ዲላ ሚሲዮን ግቢ ሞቱ። ሲሞቱ የአንድ ሰው ዋስ ነበሩ። ዋስ ሲሞት ዋስትናው ይቀራል፤ ተከሳሹ ሌላ ዋስ ካልጠራ ተመልሶ እስር ቤት ይገባል። ሰውየው ቦሩ ይባላል፣ የዱመርሶ ጭሰኛ ነው። የእሱ ነገር በቦታው ይመጣል፤ መጀመሪያ ስለ አባ።

የተወለዱት በ1915 ዓ.ም. ዱመርሶ ነው። አባታቸው ባላምባራስ ጓንጉል ውዳሴ ከሰሜን ከጦር ጋር መጥተው እዚህ አገር መሬት የተሰጣቸው ሰው ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ ሙሉእመቤት ተሻለ ናቸው። ሦስት ልጆች አሳደጉ፤ ደበበ ታላቅ፣ ተክለማርያም መካከለኛ፣ የትምወርቅ ታናሽ።

ባላምባራስ ጓንጉል ፊደል አልቆጠሩም። ግን ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው ጉምሩክ ገብቶ ምን እንደሚሆን በዓይናቸው አይተዋል። ስለዚህ በ1923 ዓ.ም. መካከለኛውን ልጃቸውን በበቅሎ ይዘው አዲስ አበባ ወጡና ካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት አስገቧቸው። ጣልያን ሲመጣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ እሳቸውም ወደ ዱመርሶ ተመለሱ። የጣልያንን ዘመን ያሳለፉት ከጭሰኞቹ ልጆች ጋር ነው፤ እንሰት ሲፋቅ አብረው፣ ቡና ሲለቀም አብረው። ጌዴኦኛውን ያኔ ለመዱት። ታላቅ ወንድማቸው አቶ ደበበም እዚያው ነው ያደጉት፤ እሳቸው ግን የሚያውቋት ጌዴኦኛ ትንሽ ናት፣ እሷም ትእዛዝ ብቻ ናት።

ጣልያን ሲወጣ አባ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ትምህርታቸውን ቀጠሉ። በ1934 ዓ.ም. ካቶሊክ ሆኑ፤ ዓመት ሳይቆዩ ለክህነት ትምህርት ገቡ። ወሬው ዱመርሶ ሲደርስ ባላምባራስ ጓንጉል የተናገሩት አንድ ነገር ነው። «ፈረንሳይኛ ተማር አልኩት እንጂ ፈረንሳይ ሁን አልኩት?» ከዚያ በኋላ ልጃቸውን አላዩም። በ1936 ዓ.ም. አረፉ።

አባ ለተዝካሩ መጡ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ውርስ ሲከፋፈል ዲላ ከተማ ያለው ባዶ ቦታ ለየትምወርቅ ደረሰ፤ የገጠሩ መሬት ለሁለቱ ወንዶች። አባ ብድግ ብለው «እኔ መሬት አልፈልግም፣ ድርሻዬ ለጋሼ ደበበ ይሁን» አሉ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። የትምወርቅ ጋሼ ደበበ ወንድማቸውን ሲስሙ ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው።

በ1942 ዓ.ም. ክህነት ተቀበሉ። ወደ ከፋ አገር ተላኩና ብዙ ዓመት እዚያ ቆዩ። ስለዚያ ዘመን እኛ ብዙ አናውቅም፤ ደብዳቤ የሚጽፉ ሰው አልነበሩም። ትዳርና ልጅ የላቸውም። እናታቸው ግን ይህ ነገር አልገባ እንዳላቸው ነው ያረጁት። የእኛ ቄሶች ያገባሉ፣ ይወልዳሉ። አባ ሊጠይቋቸው በመጡ ቁጥር፣ «እኮ ኃጢአት ሠርተህ ነው የከለከሉህ?» ይሏቸዋል።

በ1957 ዓ.ም. ጌዴኦኛ ስለሚያውቁ ዲላ ተመደቡ። ነጮቹ ካህናት ገና አማርኛውን እየታገሉ ነበር። አባ ቅዳሴ ይቀድሳሉ፣ ሕጻናት ያስተምራሉ፣ ረቡዕ ረቡዕ እስር ቤት ይሄዳሉ። እስር ቤት ሲሄዱ ደግሞ የሚያገኙት ሁልጊዜ ጭሰኛ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡናው ሲቀላ ጭሰኛ ዝም ብሎ አይለቅምም። የባለመሬቱ ገማች መጥቶ ቡናውን ዛፉ ላይ እንዳለ አይቶ፣ የጌታው ድርሻ ይህን ያህል ነው ካላለ፣ አንዲት ፍሬ መንካት ሌብነት ነው። ገማቹ ሲመቸው ነው የሚመጣው። ቡናው አይጠብቀውም፣ ይረግፋል። የሚረግፈው ያሳዘነው ሰው ይለቅምና ይከሰሳል። ፍርድ ቤት ሲቀርብ «ዋስ ጥራ» ይባላል። ዋስ መሬት ያለው ሰው ነው፤ መሬት ያለው ሰው ደግሞ ወይ ከሳሹ ነው፣ ወይ የከሳሹ ወዳጅ። ስለዚህ ቀጠሮው እስኪደርስ ታስሮ ይከርማል። እሱ ሲታሰር የቀረው ቡናም ይረግፋል።

አሁን አሁን ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ልጆች ሰብዓዊ መብት የሚል ቃል ይዘው ይመጣሉ። አባ በዚህ ቃል ሲናገሩ የሰማ የለም። የሚሉት «ፍርድ ያልተሰጠው ሰው ቤቱ ይደር» ነው። ሌላ ስብከት በዚህ ነገር ላይ አልሰበኩም።

በ1958 ዓ.ም. አንድ ቀን ለአንድ ሽማግሌ ጭሰኛ ዋስ ልሁን ብለው ወረዳ ፍርድ ቤት ቀረቡ። ዳኛው አቶ ጽጌማርያም ነበሩ፤ ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን ይቸኩላሉ።

«አባ፣ ምን አለዎት?»

«ምን ማለት?»

«መሬት ነዋ። ቤት፣ ከብት።»

«የለኝም።»

«ታዲያ ሰውዬው ቢጠፋ ምንዎን ልያዝ?»

«እኔን።»

«እርስዎን ይዤ ምን ላደርግ? ፍርድ ቤት ቅዳሴ አላስቀድስ!»

ችሎቱ ሳቀ። አባም ሳቁ። ሽማግሌው ተመልሰው እስር ቤት ገቡ።

ያን ዕለት ማታ አባ ዱመርሶ ወጡ። እራት ቀርቦ ገና እጅ ሲታጠቡ ለወንድማቸው «ጋሼ፣ ድርሻዬን እፈልጋለሁ» አሏቸው።

አቶ ደበበ አባ ብለው ጠርተዋቸው አያውቁም። «ተክሌ፣ አሞሃል?» አሉ።

«ደህና ነኝ።»

«በሽማግሌ ፊት ሰጥተኸኛል እኮ! አሁን ማን አስታወሰህ?»

«የአባቴ መሬት ነው። ሐሳቤን ለወጥኩ።»

ለምን ብሎ የጠየቃቸው ሰው መልስ አላገኘም። ዲላ ገበያ «ቄሱ መሬት አማራቸው» ይባል ጀመር። የሚሲዮኑ አለቃ ጠርተው ተቆጧቸው። ኦርቶዶክሱ «ሃይማኖቱን የለወጠ ቃሉን ቢለውጥ ምን ይገርማል» አለ፤ ፕሮቴስታንቱም የራሱን አለ። የትምወርቅ ያኔ ባሏ ሞቶባት፣ ዲላ በደረሳት ቦታ ላይ የናፍጣ ወፍጮ ተክላ አራት ልጆች የምታሳድግበት ጊዜ ነው። ወፍጮ ቤት የሚመጣው ሁሉ ስለ ወንድሟ ይጠይቃታል። አንድ ቀን ሰልችቷት ሚሲዮን ድረስ ሄደች።

«አባ፣ ሰው ምን እንደሚል ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እና ዝም?»

«የትሜ፣ ዝም በይ። ከተናገርኩ ጋሼ አይሰጠኝም።»

ሌላ አልነገሯትም። እሷም ወፍጮው ቆሞ ስለነበር ቶሎ ተመለሰች።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ሲጨቃጨቁ ክረምቱ ገባ። በመጨረሻ አቶ ደበበ ሽማግሌ ላለማስቀየም ባንኮ ጎቲቲ ካላቸው መሬት አንድ ገደል ሰጧቸው። ፍየል የሚንሸራተትበት፣ ግማሹ ድንጋይ የሆነ ቦታ ነው። አባ ሄደው አላዩትም። «ግብር ይከፈልበታል?» ብለው ጠየቁ። «ይከፈልበታል» ተባሉ። «ይበቃኛል» አሉ። አቶ ደበበ ይህን ነገር ሰው በሰበሰቡ ቁጥር እያወሩ ያስቁበት ነበር፤ «ወንድሜ ግብር የሚከፈልበት ድንጋይ አማረው» እያሉ።

በ1959 ዓ.ም. መኸር ላይ አባ የግብር ደረሰኙን ይዘው ፍርድ ቤት ቀረቡና ዋስ ሆኑ። በሚቀጥለው ሳምንትም ሆኑ። ዳኛ ጽጌማርያም ደረሰኙን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና «አባ፣ ይቺ ገደል ስንት ሰው ትሸከማለች?» አሏቸው። «እስካሁን ማንም አልወደቀም» አሉ አባ። በሕግ የሚከለክል ነገር አልተገኘም። የትምወርቅ ነገሩን የሰማችው ቂንጬ ልታስከካ ከመጣች ሴት ነው። አቶ ደበበ ደግሞ ከገማቻቸው ሰሙ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ድንጋዩ አላወሩም።

የዋስነቱን ዓመታት አንድ በአንድ አንዘረዝርም። በእሳቸው ዋስትና ወጥተው ቡናቸውን የሰበሰቡ ሰዎች ዛሬ እዚህ ቆመዋል። እግር ብረት ከእስረኛ እግር እንዲፈታ ከአውራጃው ሹም ጋር ተጨቃጭቀዋል፤ አንዳንዱን አስፈትተዋል፣ አንዳንዱ ቀርቷል። ለእስረኞች ሕጉን በጌዴኦኛ ይነግሯቸው ነበር። ይህን የማይወድ ብዙ ሰው ነበር። ሁለት ጊዜ በከሳሽ ቤተሰብ ተደብድበዋል። ማን እንደመታቸው ያውቃሉ፣ አልከሰሱም።

በ1961 ዓ.ም. ዋስ የሆኑለት አንድ የወናጎ ሰው በቀጠሮው ቀን ቀረ። ቦረና ገብቷል ተባለ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ወይ ሰውየውን አምጣ፣ ወይ ክፈል፣ ወይ መሬትህ ይሸጥ፣ ወይ ታሰር። ሚሲዮኑ እኔ ልክፈል አለ። አባ እምቢ አሉ፤ ዳኛውን «ዛሬ ገንዘብ ካያችሁ ነገ ዋስ በገንዘብ ብቻ ነው ትላላችሁ» አሉ። መሬቱ ይሸጥ ሲባልም እምቢ አሉ፤ መሬቱ ከተሸጠ ዋስ መሆን አይችሉም። ስለዚህ ታሰሩ። ሙሉ ክረምቱን ዲላ እስር ቤት ከረሙ።

ምሳ የምታመላልሰው የትምወርቅ ነበረች። ቆጮና ጎመን ይዛ ጭቃውን እያቦካች ትመጣለች፤ አባ ከአጠገባቸው ካሉት ጋር ተካፍለው ይበላሉ። አንድ ቀን አንድ ወጣት እስረኛ፣ አፉ የማያርፍ፣ «አባ፣ ለእርስዎስ ዋስ ማን ይሁን?» አላቸው። አባ እየሳቁ ወደ እህታቸው ዞሩ።

«እኔን አይዩኝ» አለች የትምወርቅ።

«አላየሁሽም።»

«አይተውኛል። ያቺ ወፍጮ የልጆቼ እራት ናት። ለእርስዎም ሆነ ለማያቸው ለማላያቸው ሰዎች አላስይዛትም።»

«ማን ጠየቀሽ?» አሉ አባ። «ጎመኑ ጨው የለውም፤ የምጠይቅሽ እሱን ነው።»

እስረኞቹ ሁሉ ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ዕቃዋን ሰብስባ ሄደች። በማግስቱ ጨው አበዛችበት።

መስከረም ላይ በምሕረት ወጡ። የወናጎው ሰው እስከ ዛሬ አልመጣም። አባ ክፉ ሲያነሱት አልተሰማም፤ «ቡና የማይበቅልበት አገር ገብቶ ይሆናል፣ ጎሽ» ነበር የሚሉት። ከእስር ቤት ግን ሳል ይዘው ነው የወጡት። ሳሉ ከዚያ ወዲያ አልለቃቸውም። ይርጋለም ሆስፒታል ሁለት ጊዜ ተኝተዋል። ሐኪሙ ደጋ ይውጡ፣ ይረፉ ብሏቸዋል። እሳቸው የሚወጡት ፍርድ ቤቱ ያለበትን ዳገት ነበር።

አሁን የቦሩ ነገር። ቦሩ የአቶ ደበበ ጭሰኛ ነው። ዘንድሮ ጥቅምት ላይ የዱመርሶ ቡና ቶሎ ቀላ፤ ገማቹ ሰርግ ሄዶ ቆየ፤ ዝናብ መጣና ቡናው መርገፍ ጀመረ። የቦሩ ሚስት አልጣሽ አንድ ቅርጫት ለቀመች። አንድ ቅርጫት ብቻ ነው፤ ይህን አቶ ደበበም አይክዱም። ቦሩ «የለቀምኩት እኔ ነኝ» ብሎ ታሰረ። አባ ትኩሳት ላይ ነበሩ፤ ሁለት ሰው ደግፏቸው ፍርድ ቤት ቀረቡ። አቶ ደበበ ከሳሽ ሆነው ተቀምጠዋል።

«ተክሌ» አሉ አቶ ደበበ፣ ዳኛው እየሰሙ፣ «እኔ በሰጠሁህ መሬት እኔኑ ትከራከረኛለህ?»

«አልከራከርም ጋሼ። ይፈረድበት፣ ግን እስኪፈረድበት ቡናውን ይልቀም። ያንተም ድርሻ አለበት እኮ።»

«የኔን ድርሻ አንተ አታስብልኝ።»

«አንድ ሰው ማሰብ አለበት። ዛፉ ሥር ወድቋል።»

ዳኛ ጽጌማርያም አፋቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። ቦሩ በአባ ዋስትና ወጣ፤ ቀጠሮው ለኅዳር 15 ዓርብ ጥዋት ተቆረጠ። ዛሬ ማለት ነው።

አባ ከዚያ ቀን በኋላ ከአልጋ አልተነሱም። የትምወርቅ ወፍጮው ሲቆም እየሮጠች ትመጣለች፣ ደንበኛ ሲመጣ እየሮጠች ትመለሳለች። ረቡዕ ዕለት ትንሽ ሻል ብሏቸው ነበር።

«ዛሬ ምንድነው?» አሉ።

«ረቡዕ።»

«ከነገ ወዲያ አስነሺኝ።»

«ማንም አያስነሳዎትም። ይተኙ።»

«ቦሩ ብቻውን ይቀርባል እኮ።»

«እግር አለው፣ ይቀርባል።»

«እግሩ አይደለም ችግሩ» አሉና ዞረው ተኙ። ከዚህ በኋላ የተናገሩት ከአምላካቸው ጋር ነው። ሐሙስ ጥዋት አረፉ። ሃምሳ ዓመታቸው ነበር።

ትናንት ቀትር ላይ ቦሩና አልጣሽ ከዱመርሶ በእግራቸው መጡ። ሚሲዮን ግቢ ሲገቡ አልጣሽ ጀርባዋ ላይ ትልቅ ጥቅል አዝላለች። የትምወርቅ ለቅሶ ቤት የሚሆን ነገር ይዛ የመጣች መስሏት ልትቀበላት ሄደች። የቦሩ ብርድ ልብስና ስንቁ ነው፤ ለእስር ቤት።

ከለቀስተኛው አንዱ ቦሩን ጎተት አድርጎ «አንተ ሞኝ፣ ዋስህ ሞቷል። ብትጠፋ ማን ይያዝብሃል? ሂድ እንጂ!» አለው።

«የት ልሂድ?» አለ ቦሩ። «ቡናው እዚህ ነው።»

ከዚያ ወደ የትምወርቅ መጣ። አማርኛው ብዙ አይደለም። «እትዬ፣ ቀብር ጥዋት ነው አሉኝ። ቀጠሮም ጥዋት ነው። እኔ ፍርድ ቤት ስሄድ ይይዙኛል። አባን አላስቀብርም ማለት ነው። ዛሬ ፊታቸውን ልየው?»

አየ። ብዙ ቆየ። አልጣሽ ጥቅሉን ሳታወርድ በር ላይ ጠበቀችው። የትምወርቅ ወደ ሚሲዮኑ አለቃ ገብታ ቀብሩ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ይዙር አለቻቸው። ለምን ሲሏት «ጥዋት ጉዳይ አለኝ» አለች። ጥዋት የመጣችሁና የተጉላላችሁ ይቅርታ አድርጉ፤ የዘገየው በዚህ ነው።

አባ ተክለማርያም እናታቸውን ወይዘሮ ሙሉእመቤትን፣ ወንድማቸውን አቶ ደበበን፣ እህታቸውን የትምወርቅን፣ የእህታቸውን አራት ልጆች፣ ባንኮ ጎቲቲ ያለውን ገደል፣ እንዲሁም በእሳቸው ዋስትና ወጥተው ቡናቸውን የሰበሰቡ ሰዎችን ትተው አልፈዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይቀበል፤ እሳቸው ለሰው እንደቆሙ እሱም ለእሳቸው ይቁም። ለእናታቸው መጽናናቱን ይስጥልን።

ዛሬ ጥዋት የትምወርቅ ወፍጮውን ዘጋች። የወፍጮ ቦታዋን የግብር ደረሰኝ ይዛ ፍርድ ቤት ሄደች፤ ጋሼ ደበበ ከሳሽ ወንበር ላይ ተቀምጠው እያዩ ለቦሩ ዋስ ሆነች።